ይለምዳል የተባለው ባሌስትራ

ባርኮት ሜትሩን ከጎማው እምብርት እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ዘረጋና ቁጥሩን አነበበ። ተነስቶ በመኪናዋ ጀርባ ዞረና በቀኝ በኩል ያንኑ ደገመ። ግራው በአራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ዝቅ ይላል። ትናንትም አራት ተኩል ነበር። ቁጥሩ እንደማይለወጥ እያወቀ በየጠዋቱ ይለካል።

አባቱ ኦይታ ከማንጎው ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ለመኪናዋ ሰጥተዋል። ከሰኔ ወዲህ አቀማመጣቸው እንዲህ ነው። ዱካውን በግቢው የትም ያኑሩት፣ ፊታቸው ወደ አጥሩ፣ ጀርባቸው ወደ ላንድሮቨሯ ነው።

"ሸዋንዳኝ ይመጣል ብለህ አልነበር?" አሉ ሳይዞሩ።

"እየመጣ ነው፣ አባዬ።"

"ዛሬ ረቡዕ ነው። ቅዳሜ ክሊኒኩ ይጠብቀናል።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅህ ጥሩ ነው" አሉ ኦይታ፤ አጥሩን ማየታቸውን ቀጠሉ።

ላንድሮቨሯን የደጋው ሰው ሁሉ ያውቃታል። ኦይታ የጨንቻው የቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ ሾፌር ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት ነድተዋታል፤ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ክሊኒኩ መሸኛ ብሎ ሰጥቷቸዋል። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ በሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ምጥ የያዛትን፣ መጥረቢያ ስቶ የመታውን፣ አንዳንዴም ሬሳ ይዘው ወርደዋል። ዝናብ ሳይሉ፣ ጭጋግ ሳይሉ። አንድም ቀን ከመንገድ ወጥተው አያውቁም። "ኦይታ ከያዛት እንቅልፍህን ተኛ" ይባል ነበር።

ይባል የነበረው እስከ ባለፈው ሰኔ ነው። በአንድ ጭጋጋማ ጠዋት፣ ጌጤ የምትባል የዶርዜ ነጋዴን ከአምስት ጆንያ ድንቿ ጋር ጭነው ሲወርዱ፣ ወደ ቀኝ በሚታጠፈው ትልቁ ኩርባ ላይ መኪናዋ በግራ ጎኗ ወደቀች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያ በኩል የነበረው ገደል ሳይሆን የአፈር ተረተር ነበርና ያዛት። ኦይታ ግንባራቸው ተፈነከተ። ከኋላ በግራ በኩል ተቀምጣ የነበረችው ጌጤ ግን ጭኗ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሲገጥም በሁለት ጣት አጥሮ ገጠመ። ዛሬ ስትራመድ እግሩ ጉድጓድ እንደገባበት ሰው አንድ ጎኗ ወረድ ይላል።

ኦይታ ለማንም ሰበብ አላቀረቡም። ሽማግሌዎች ለእርቅ በሚቀመጡበት ሜዳ፣ በዱቡሻው ላይ፣ ለምለም ሣር ይዘው ተንበረከኩ። "ዓይኔ ነው። ኩርባውን በጊዜ አላየሁትም" አሉ። ሐኪሙም አይቷቸው በሁለቱም ዓይናቸው ሞራ መጀመሩን ነግሯቸው ነበር። ጌጤ ሣሩን ተቀብላ ይቅር አለች። ኦይታም በዚያው ቦታ ሁለት ቃል ሰጡ፦ ዳግመኛ መሪ ላይያዙ፣ መኪናዋንም ለክሊኒኩ ሊመልሱ።

ክሊኒኩ ግን ያጋደለች መኪና አልረከብም አለ። ነገሩ የማጋደሏ ብቻ አልነበረም። ደጋው ላይ "ጎሜ አለባት" የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር። ጎሜ ማለት ተሠርቶ ያልተነገረ በደል ነው፤ እስኪነገር ድረስ ከሰውም ከከብትም ከቤትም ላይ አይወርድም ይላሉ። ኦይታ፣ በጌታ ካመኑ ጀምሮ፣ ይህን ቃል በቤታቸው አያስጠሩም። ሕመምተኛ ግን ጎሜ ባለባት መኪና አልሳፈርም ካለ ክሊኒኩ ምን ያድርጋት? አስተካክላችሁ አምጡ ተባለ።

መኪናዋ ያጋደለችው ስትወድቅ ነው ብሎ ያላመነ ሰው አልነበረም። ባርኮት ብቻ ነበር እንዳልሆነ የሚያውቀው። ከመውደቋ ሦስት ሳምንት በፊት የድሮዎቹን የኋላ ባሌስትራዎች፣ ክብደቷን የሚሸከሙትን ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች፣ አውጥቶ አዲሶቹን የገጠመው እሱ ራሱ ነው፤ ክሪኩን ከሥሯ ባወረደበት ቅጽበት ግራ ጎኗ ወረድ ማለቱን አይቷል። አባቱም አይተዋል።

"ትንሽ አላጋደለችም?" ብለውት ነበር።

"አዲስ ብረት ነው፣ አባዬ። ይለምዳል" አላቸው።

ቃሉን ከየት እንዳመጣው ያውቃል። ሰባት ዓመት ሃንጋሪ ተምሮ፣ ሁለት ዓመት እዚያው ሠርቶ ሲመለስ፣ ሰው ሁሉ የሚለው ይህን ነበር። ሙቀቱ ሲያስጨንቀው፣ ቀጠሮ ሲፈርስበት፣ ጋሞኛው አፉ ላይ ሲሰናከል፣ ሥራ ጠይቆ "ቆይ እንጠራሃለን" ሲባል፣ "ትለምዳለህ" ይሉታል። እሱ አልለመደም። ባሌስትራው ግን ይለምዳል አለ፤ አባቱም ኢንጂነር ልጃቸው ነውና የተናገረው፣ አመኑትና ረሱት።

መካኒኩ ሸዋንዳኝ ረፋዱ ላይ የዕቃ ሳጥኑን በባጃጅ አስጭኖ መጣ። በአርባ ምንጩ ሲቀላ ሰፈር ከእሱ በላይ ላንድሮቨር የሚያውቅ የለም። ራሱም ይህን አይደብቅም።

"ኢንጂነሩ! ዛሬም በሜትር ትለካታለህ? የሙሽራ ቀሚስ ልታሰፋላት ነው?"

"አራት ተኩል ነው፣ ጋሽ ሸዋንዳኝ።"

"እኔ በዓይኔ አራት ብያለሁ። ግማሿን ለሃንጋሪ እተዋለሁ።" ወደ ማንጎው ዞሮ ድምፁን ለወጠ። "ጋሽ ኦይታ፣ እንዴት አደሩ?"

"ጌታ ይመስገን፣ ሸዋንዳኝ። ቅዳሜ ትደርሳለች?"

"አጽሟ፣ ሻንሲው፣ ካልተጣመመ ነገ ትደርሳለች። ከተጣመመ ግን ክሊኒኩም አብሯት ያጋድል።"

በመጀመሪያ የግራና የቀኝ ጎማዎችን አለዋወጡ። ልዩነቱ ያው ነው። ሸዋንዳኝ ሲባጎ አውጥቶ በሻንሲው ሥር ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በመስቀል ወጠረው፤ ሁለቱ ክሮች እኩል ሆኑ። ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው። ባርኮት ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ወደ ባሌስትራዎቹ አዞረ።

ሻንሲውን በባሕር ዛፍ ጉማጅ ደግፈው አክስሉን አንጠለጠሉ። የዛጉትን ቡሎኖች በናፍጣ እያራሱ ሁለቱንም ባሌስትራዎች አወጧቸውና ጎን ለጎን መሬት ላይ አጋደሟቸው። ሸዋንዳኝ ቁጢጥ ብሎ ተመለከታቸው። በጥፍሩ ቅጠሎቹን ከላይ ወደ ታች ቆጠረ፤ የአንደኛውን ከዚያ የሁለተኛውን። ቀጥሎ ጉብጠታቸውን ለማየት አንገቱን አዘነበለ።

"እነዚህ እኮ መንትዮች አይደሉም" አለ። "ይኸኛው አንድ ቅጠል ይበልጣል። ከቀኝ ነው ያወጣሁት፣ አይደል?"

"ከቀኝ ነው።"

"የላንድሮቨር ኋላ ባሌስትራ እኩል አይሠራም። ወፍራሙ የሾፌር ነው። ሾፌር ሁልጊዜ አለ፤ ከጎኑ ያለው ሰው ግን አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ለዚህ ነው።" ራሱን ነቀነቀ። "የእኛ ሾፌር በግራ ነው የሚቀመጠው። ደካማውን ከሾፌሩ ሥር፣ ብርቱውን ባዶ ወንበር ሥር። ማነው ይሄን የገጠመው ከብት?"

ባርኮት እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። መጥረጉን ቀጠለ።

"እኔ ነኝ።"

ሸዋንዳኝ ቀና አለ፤ ፊቱ ላይ ሳቅ መጣና ሳይወጣ ቀረ። ወደ ማንጎው አየ። ኦይታ ዱካቸው ላይ አንቀላፍተዋል።

"መቼ?" አለ በዝግታ።

"ግንቦት። አንተ ጂንካ ሄደህ ነበር።"

"ከሰኔው በፊት?"

"በፊት።"

ሸዋንዳኝ ባሌስትራው ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈችውን፣ በጭቃና በግራሶ የደበዘዘችውን ፊደል በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረጋት። የእንግሊዝኛ አር ነበረች። ቀኝ ማለት ናት። ባርኮት ያን ቀን ያነበባት እሷን ነው፤ በፊደሉ መሠረት ቀኙን በቀኝ፣ ግራውን በግራ ገጠመ። በቀኝ የተጻፈ ነገር በቀኝ ካልሆነ የት ይሆናል?

"ጎሚኒዎቹም አልቀዋል" አለ ሸዋንዳኝ፣ በባሌስትራው ዓይን ውስጥ የቀረችውን የተበጣጠሰች የጎማ ቀለበት እያሳየ። "ሙደሲር ጋ ሄደህ አራት አምጣ። እኔ ብረቱን እወለውላለሁ።" ከዚያ ባርኮት ሲነሳ ክንዱን ያዘው። "ስማኝ። ስንገለብጣቸው ትቀናለች። ከቀናች በኋላ ማን ግራና ቀኝ ይቆጥራል? እኔ አላየሁም። አንተም አላየህም። አባትህ እንደሆኑ እርቁን ጨርሰዋል።"

የሙደሲር መለዋወጫ ሱቅ ከጣሪያ እስከ ወለል ዕቃ ነው። ሙደሲር አዲስ የመጣ ካርቶን እየፈታ ነበር።

"ኢንጂነር! ምነው ጠፋህ? ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ እየጠበቀህ አንተ በግራሶ ታጥበህ ትመጣለህ።"

"አራት ጎሚኒ፣ ለላንድሮቨሯ ኋላ ባሌስትራ።"

"ዓምና የወሰድከው ነው? ምን ሆነ?"

"ምንም። ሙደሲር፣ ላዩ ላይ የተጻፉት ፊደሎች ቀኝና ግራ አይደሉም እንዴ?"

"ናቸው እንጂ።" ሙደሲር ጎሚኒዎቹን በማስታወቂያ ወረቀት እየጠቀለለ ነበር። "ግን ለእነሱ ነው ቀኝ።"

"ለእነማን?"

"ለኬንያዎች ነዋ! ዕቃው ከናይሮቢ ነው የመጣው። እዚያ መሪ በቀኝ አይደል? ወፍራሙን ለሾፌር ሠርተው ቀኝ ብለው ይጽፉበታል። እዚህ ስንሸጥ ገልብጣችሁ ግጠሙ እንላለን።" እጁ መጠቅለሉን አቆመ። "ለአንተ አልነገርኩህም?"

"አልነገርከኝም።"

"አዎ፣ አልነገርኩህም። ልነግርህ አፌን ስከፍት 'መመሪያው ኮምፒዩተሬ ላይ አለ' ብለህ ወጣህ። ምን ልበል? ተምሯል፣ ከእኔ ይበልጣል አልኩ።" ፊቱን አየው። "ምነው? በእሱ ነው እንዴ…?"

"አላውቅም" አለ ባርኮት።

እውነቱንም ነበር። ወደ ቤት ሲመለስ በጭንቅላቱ ሲያሰላ ሄደ። በግራ ሾፌሩ፣ በግራ ጌጤ፣ ከጆንያዎቹም ሦስቱ በግራ። ኩርባው ወደ ቀኝ፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ግራ። ከሥር ደካማው ብረት። ያዘነብላል፤ ይህ አያከራክርም። ግን ይጥላል? ፍጥነቱን የሚያውቅ የለም። የጭቃውን ልክ የሚያውቅ የለም። ባሌስትራው በትክክል ተገጥሞ ቢሆንም ኖሮ ልትወድቅ ትችል ነበር። ኦይታም ኩርባውን አላየሁትም ብለዋል። ሃንጋሪ ቢሆን ይህን ጥያቄ ለወር የሚበቃ ሥራ አድርጎ ሪፖርት ይጽፍበት ነበር፤ በሪፖርቱ መጨረሻም "እርግጠኛ መሆን አይቻልም" ይላል። እዚህ ግን ሪፖርት የሚቀበለው የለም። አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ለመኪናቸው ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ አንዲት ሴት አንድ ጎኗ ወረድ እያለ ትራመዳለች።

ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ከባሌስትራው የሚከብደው። በዱቡሻው፣ አባቱ ተንበርክከው ሳለ፣ ዘርአብሩክ የሚባሉት ሽማግሌ እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ ጠይቀው ነበር። "የቀረ ቃል ያለው አለ? የቀረ ቃል ያለው አለ? የቀረ ቃል ያለው አለ?" ባርኮት ከአባቱ ጀርባ ቆሞ ነበር። ግራ ጎኗ ወረድ ያለችበትን ቅጽበት አስታወሰ። ይለምዳል ማለቱንም አስታወሰ። ሰው የሚጠየቀው የሚያውቀውን ነው እንጂ የሚጠረጥረውን አይደለም ብሎ ዝም አለ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ከጉማጁ ወረደች። ሸዋንዳኝ የኋላ መከላከያው ላይ ወጥቶ እየዘለለ ባሌስትራዎቹን አንቀጠቀጣቸው፤ ወርዶ ኋላዋን በዓይኑ ለካ። ባርኮት በሜትር ለካ። ግራና ቀኝ ከሦስት ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ልዩነት።

"አባዬ፣ ይዩዋት" አለ ባርኮት።

ኦይታ ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዱካቸውን ትተው ወደ እሷ መጡ። በዓይናቸው ብቻ አልረኩም፤ ሁለት እጃቸውን በሁለቱ ጭቃ መከላከያዎች ላይ አሳርፈው፣ ልጅ አቅፎ እንደሚለካ ሰው፣ ጥቂት ቆዩ።

"ቀንታለች" አሉ። "ምኗ ነበር?"

ሸዋንዳኝ ዕቃውን መልቀም ጀመረ። ባርኮት ሳያስበው አፉ ቀደመው።

"ጎሚኒው አልቆ ነው።"

"ጎሚኒ!" ኦይታ በምሬት ሳቅ አሉ። "አየህ? እኔ በሆዴ ምናልባት ከመኪናዋ ይሆን እያልኩ ነበር። ሰው ለራሱ ያደላል። እሷ ምንም አልነበረባትም። እኔው ነኝ።" ተመልሰው ዱካቸው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ወደ አጥሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ባርኮት መሪ ያዘ፤ ኦይታ ከጎኑ ተቀመጡ። ከተማውን ለቀው ወደ ደጋው መውጣት ጀመሩ። ሙቀቱ ከኋላ ቀረ፤ እንሰትና ቀርከሃ በግራና በቀኝ መጣ። ላንድሮቨሯ ታቃስታለች እንጂ አታጋድልም። ትልቁ ኩርባ ጋ ሲደርሱ ኦይታ ኮፍያቸውን አወለቁና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባርኮት ይህን ሲያይ ፍሬን ያዘና ዳር አስይዞ ቆመ።

"ምነው?" አሉ ኦይታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ባሌስትራዎቹን ገልብጬ ነበር የገጠምኳቸው፣ አባዬ። ግንቦት ላይ። ደካማውን ከእርስዎ ሥር። ጎሚኒ አይደለም።"

ኦይታ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ፊት ለፊት ተመለከቱ።

"መቼ አወቅህ?"

"ረቡዕ። ግን ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር። ሽማግሌው ሲጠይቁም ጠርጥሬ ነበር።"

"ሲጠይቁ።"

"ሦስቴ ሲጠይቁ።"

የአንድ አይሱዙ ጡሩምባ ከታች ተሰማ። መኪናው አቧራውን እያቦነነ አልፏቸው ወጣ። ኦይታ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት።

"ስለዚህ የጣላት እሱ ነው? እርግጠኛ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ዓይኔ አይደለም ትለኛለህ?"

"እሱንም አላውቅም።"

"ታዲያ ምን ልትሰጠኝ ነው ያቆምከኝ?" ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። "ስምንት ወር ሙሉ ስለ ዓይኔ ስጸልይ፣ ዓይኔን ስጠላ፣ የሚሾፍር ሰው ባየሁ ቁጥር ፊቴን ሳዞር ጀርባዬን ታይ ነበር! አሁን ምናልባት ትለኛለህ? ወይ ዓይኔን መልስልኝ፣ ወይ ዝም በል!"

ባርኮት ሞተሩን አስነሳ።

"እዚያ ምን ልትል ነው?" አሉ ኦይታ።

"ይህንኑ ነው የምለው።"

ኦይታ ኮፍያቸውን አደረጉ።

ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ዘርአብሩክና ሁለት ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቃሉ በእነሱ ፊት የተሰጠ ነውና ሲፈጸምም ሊያዩ ይገባል። ጌጤም ምርኩዟን ይዛ መጥታለች። ገና መኪናዋ ስትገባ የክሊኒኩ ኃላፊ "ቀንታለች! ጌታ ይመስገን!" እያለ ቁልፉን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ባርኮት ቁልፉን አልሰጠም። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመና ነገረ፤ ፊደሉን፣ ናይሮቢን፣ ይለምዳል ያለውን፣ በዱቡሻው ዝም ማለቱን። አማርኛው ሲጀምር ቀጥ ያለ ነበር፤ በመሐል ሳያስበው ወደ ጋሞኛ ገባ፤ ተሰናከለም፤ ማንም ግን አላረመውም።

ሲጨርስ መጀመሪያ የተናገረችው ጌጤ ናት።

"እንግዲያ እኔ ይቅር ያልኩት ማንን ነው?"

ዓይኗን ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ አዞረች።

"እጠይቃለሁ እኮ! ሣር ተቀበልኩ። ስንት ሌሊት ከራሴ ጋር ተጣልቼ ነው የተቀበልኩት። ኦይታ ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑ ነው፣ እግዚአብሔር ያደከመውን ዓይን ምን እለዋለሁ ብዬ ተውኩት። ይኼ ልጅ ከኋላው ቆሞ ነበር፤ አስታውሰዋለሁ፤ ጫማው ንጹሕ ነበር።" በምርኩዟ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ ጎኗ ወረድ፣ ቀና፣ ወረድ፣ ቀና እያለ። የግራውን ጭቃ መከላከያ በመዳፏ መታ አደረገችው። "እሷን ለማቅናት ሁለት ቀን ፈጀባችሁ?"

"አንድ ቀን ተኩል፣ እትዬ ጌጤ" አለ ባርኮት። ወዲያው ምነው ባልተናገርኩ አለ በልቡ።

"አንድ ቀን ተኩል" አለች ጌጤ። "የእሷ ቀላል ነበር።"

ባርኮት ሊንበረከክ ጉልበቱን ሲያጥፍ ምርኩዟን አንስታ ከለከለችው።

"ቁም! እዚህ አይደለም። ዛሬም አይደለም። ለአባትህ የሰጠሁትን አልነሳውም፤ ለእሱ የተሰጠ የእሱ ነው። ያንተን ገና አላሰብኩበትም። ሳስብ እልክብሃለሁ። እስከዚያ አትምጣብኝ።"

ዘርአብሩክ ከአግዳሚው ተነሱ። "ኦይታ ቃል የሰጠው ቃል በጎደለበት ቀን ነው" አሉ። "ጎደሎ ላይ የታሰረ ቃል አያስርም። መሪ አልይዝም ያለው ወርዶለታል። መኪናዋም የእሱ ናት፤ ልስጥ ካለ እንደ አዲስ ይሰጣል እንጂ እንደ ቅጣት አይሰጥም። የልጁን ነገር ጌጤ ስትጠራን እንቀመጣለን።" ቁልፉን ከባርኮት እጅ ወስደው በኦይታ መዳፍ ላይ አኖሩት።

ኦይታ ቁልፉን ሲያዩት ደስታ ፊታቸው ላይ አልታየም። እንደ ሰው ዕቃ ያዙት። ሆኖም ወደ መኪናዋ ሄደው የሾፌሩን በር ከፈቱ።

"ቀስ ብለህ፣ ኦይታ" አለች ጌጤ ከበስተጀርባ።

ወደ ሲቀላ ሲመለሱ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ባርኮት የአባቱን እጆች ብቻ ነበር የሚያየው። ማርሹ ገና ሳይጠሩት ይገባላቸዋል፤ ላንድሮቨሯ የድሮ ድምፅዋን አገኘች። ኦይታ ወደ ውስጥ ማንጎራጎር ጀመሩ፤ መዝሙር ይሁን ሌላ አይለይም። ባርኮት ትንፋሹ ሰፋ አለለት። በዚህ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቦታ ያለ፣ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ የማይፈልግ መሰለው።

ትልቁ ኩርባ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ኦይታ ፍጥነት ቀነሱ፤ ከዚያም ጨርሰው ቆሙ። ማንጎራጎሩ ተቋረጠ።

"የማየውን ልንገርህ" አሉ። "አንተ ደግሞ ትክክል መሆኑን ንገረኝ። ኩርባው ላይ ነጭ የድንጋይ ምልክት አለ።"

"አለ።"

"ከእሱ ወዲያ የወደቅሁበት ተረተር።"

"አዎ።"

"አንድ ሰው ቀርከሃ ተሸክሞ ይወጣል።"

ባርኮት ቀርከሃውን አየ። ረጅም ነው፤ ከፊት አንድ ሰው ትከሻው ላይ አድርጎታል፤ ከኋላ፣ አቧራማ ካባ የለበሰ ሌላ ሰው ጫፉን ይዞ በመንገዱ መሐል ለመሐል ይመጣል። ካባው የመንገዱን መልክ ይመስላል። አንድ ነው ብሎ ማለፍ ይችላል። ኩርባውን በቀስታ ይዞሩታል፤ ሰዎቹም ዳር ይይዛሉ፤ አባቱም እስከ ሲቀላ እያንጎራጎሩ ይወርዳሉ። ይለምዳሉ።

"ሁለት ናቸው፣ አባዬ።"

ኦይታ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው አተኩረው አዩ። ሰዎቹ እየቀረቡ መጡ፤ እየቀረቡ መጡና ሁለት ሆኑ፤ በመኪናዋ ጎን ሲያልፉም የኋለኛው እጁን አንስቶ ሰላምታ ሰጠ።

"ሁለት ናቸው" አሉ ኦይታ።

የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ሁለት እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሱ።

"እውነት መናገር አሁን ገና አማረህ?" አሉ።

በሩን ከፍተው ወረዱና በፊት በኩል፣ አንድ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው እየተመሩ ዞሩ። ባርኮት ወደ ሾፌሩ ወንበር ተሻገረ። ወንበሩ ገና ሙቀት ነበረው። አባቱ ከጎኑ ተቀምጠው በሩን ዘጉ፤ ዓይናቸውን ግን ዛሬ አልጨፈኑም።

"በሁለተኛ ማርሽ ውረድ" አሉ። "ተረተሩን ሳታልፍ ፍሬን እንዳትነካ። ቀኝህን ያዝ። ያዝ አልኩህ እኮ።"

ባርኮት ቀኙን ያዘ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ኩርባውን ዞረች።